ግጥሚያው የፈረሰበት ምሽት
(ስለ ሪኪዶዛንና ኪሙራ ትግል የቀረበ ሂስ)

«ግጥም» እና «ግጥሚያ» በቋንቋችን የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ሁለቱም «ገጠመ» ከሚለው ግሥ ይመዘዛሉ። አንዱ ስንኝ ቤት የሚመታው ሌላውን ጠብቆ እንደሆነ ሁሉ፣ ታጋይም ታጋይ የሚሆነው ፊት ለፊቱ የሚቆምለት ሲያገኝ ነው። ብቻውን የሚገጥም የለም። ይህን ማስታወሳችን በቃላት ለመራቀቅ ብለን አይደለም፤ ከዚህ በታች የምንመረምረው ትዕይንት የተበላሸው በዚሁ ነጥብ ላይ ስለሆነ ነው።

ትዕይንቱ ዲሴምበር 22 ቀን 1954 በቶኪዮ ከተማ፣ ኩራማዬ ኮኩጊካን በተባለው የሱሞ አዳራሽ ሪኪዶዛንና ማሳሂኮ ኪሙራ ያደረጉት የትግል ግጥሚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአንድ ሰዓት በላይ ጊዜ የተመደበለት ይህ ግጥሚያ በ15 ደቂቃ ከ49 ሴኮንድ አበቃ። ሰባ ዓመት አልፎት ግን ክርክሩ አላበቃም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ለገንዘብ ከሚደረግ ትግል ጋር ምን አገናኘው? ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ድብድብ ማታለያ እንጂ ኪነት አይደለም» እንደሚሉን እናውቃለን። ነገር ግን የቴያትርም ውጤት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በመድረክ ላይ የሞተው ንጉሥ መጋረጃው ሲወርድ ተነሥቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ የማያውቅ ተመልካች የለም፤ ቢሆንም ያለቅሳል። ስለዚህ ሐያሲ ሊጠይቀው የሚገባው ትዕይንቱ እውነት ነው ወይስ ውሸት ብሎ ብቻ አይደለም። ፈጠራው ማንን ያገለግላል? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማነው? ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። ጃፓን በ1945 ተሸንፋ እጅዋን ከሰጠች በኋላ እስከ 1952 ድረስ አሜሪካ በምትመራው የጦር አስተዳደር ሥር ቆየች። በ1953 የቴሌቪዥን ሥርጭት ተጀመረ። የመሣሪያው ዋጋ ለተራው ቤተሰብ የማይቀመስ ስለነበረ ቴሌቪዥኖች በየአደባባዩና በየባቡር ጣቢያው ደጃፍ ተተከሉ። በፌብሩዋሪ 1954 ሪኪዶዛንና ኪሙራ ጎን ለጎን ተሰልፈው ቤንና ማይክ ሻርፕ የተባሉትን ግዙፍ ወንድማማቾች ሲገጥሙ፣ ሕዝቡ በእነዚያ ቴሌቪዥኖች ዙሪያ ተጋፍቶ ተመለከተ። ያየው ታሪክ አጭርና ግልጽ ነበር። ፈረንጁ ደንብ ጥሶ ይበድላል፤ ጃፓናዊው ይታገሣል፤ በመጨረሻ ትዕግሥቱ ያልቅና በእጁ ጠርዝ እየቀጠቀጠ ይጥለዋል። በጦርነት የተሸነፈ ሕዝብ በመድረክ ላይ ሲያሸንፍ ራሱን አየ።

የድርሰቱን አሠራር ልብ ብሎ ላየ ግን ሚናው እኩል አልተከፋፈለም። እየተደበደበ የሚወድቀው ኪሙራ ነበር፤ ገብቶ የሚያድነውና ጭብጨባውን የሚቀበለው ሪኪዶዛን። ከዚህም የሚብስ ምፀት አለ። በተመልካቹ ዓይን አሜሪካውያን የነበሩት ሻርፖች የካናዳ ሰዎች ነበሩ። የጃፓንን ክብር መላሽ የተባለው ሪኪዶዛን የኮሪያ ተወላጅ ነበር። ከአራቱ መካከል በእርግጥም የተባለውን የነበረው ኪሙራ ብቻ ሲሆን፣ ድርሰቱ ተሸናፊ ያደረገው እርሱን ነው።

ሁለቱ ሰዎች በአካልም በጥበብም የተለያዩ ነበሩ። ኪሙራ በ1917 በኩማሞቶ፣ ከወንዝ ጠጠር እያወጣ ከሚተዳደር አባት ተወለደ። ከ1937 እስከ 1939 በተከታታይ የመላው ጃፓን የጁዶ ሻምፒዮን ሆነ። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 85 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በ1951 ብራዚል ድረስ ሄዶ በሪዮ ዴ ጃኔሮው ማራካና ኤልዮ ግራሲን ክንዱን ጠምዝዞ ያሸነፈበት አያያዝ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በራሱ ስም «ኪሙራ» እየተባለ ይጠራል። ይህን የመሰለ ሰው ወደ ገንዘብ ትግል የገባው ባለቤቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማበት ለመድኃኒት መግዣ ስለቸገረው ነበር።

ሪኪዶዛን በበኩሉ በ1924 በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ኮሪያ፣ ዛሬ በሰሜን ኮሪያ ግዛት በሚገኝ አውራጃ፣ ኪም ሲንራክ ተብሎ ተወለደ። በ1940 ወደ ሱሞ ገብቶ ከላይ ሦስተኛ እስከሆነው የሴኪዋኬ ማዕረግ ደረሰ። በ1950 የሱሞ ታጋይነት ምልክት የሆነውን ሹሩባ በገዛ እጁ ቆርጦ ወጣ። በሃዋይ የገንዘብ ትግልን ጥበብ ተምሮ ሲመለስ በ1953 የራሱን የትግል ማኅበር አቋቋመ። ከኪሙራ በብዙ ኪሎ የሚከብድ፣ ትከሻው ሰፊ፣ በአደባባይ መታየትን የሚያውቅ ሰው ነበር። የሁለቱ ልዩነት ከተማሩት ጥበብ ይጀምራል። ጁዶ የባላጋራን ኃይል ተቀብሎ መልሶ በራሱ በባላጋራው ላይ የሚያውል ጥበብ ነው። ሱሞ ደግሞ ገፍቶ ከክቡ ማስወጣት ነው። አንደኛው ለመቀበል፣ ሁለተኛው ለመግፋት የሠለጠኑ ሰዎች ተገናኙ።

በኖቬምበር 1954 ኪሙራ ለአሳሂ ጋዜጣ ቅሬታውን ገለጸ። ከሪኪዶዛን ጎን ተሰልፎ ሲታገል ተሸናፊ እንዲሆን መደረጉን፣ በእውነተኛ ግጥሚያ ግን እንደማይሸነፍለት ተናገረ። ሪኪዶዛን ጥሪውን ተቀበለ። የጃፓን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነትም ለአሸናፊው ተመደበ።

ኪሙራ ኋላ እንደጻፈው፣ በመጋረጃው በስተጀርባ ስምምነት ነበረ። የመጀመሪያው ግጥሚያ በአቻ ውጤት ይፈጸማል። የሁለተኛው አሸናፊ ልጆች በእጃቸው ድንጋይ፣ ወረቀትና መቀስ እያሳዩ በሚያወጡት ዓይነት ዕጣ ይወሰናል። ከዚያ በኋላም በዚሁ መንገድ ይቀጥላሉ። ሪኪዶዛን ግን ከግጥሚያው በኋላ አቻ እንውጣ ብሎ የጠየቀው ኪሙራ ነው ሲል ለጋዜጠኞች ገለጸ። ሐሳቡን ያመነጨው ማንም ይሁን ማን፣ ስለ አቻ ውጤት መነጋገራቸውን ሁለቱም አልካዱም።

ከዚያ ምሽት የተረፈው ፊልም ሲታይ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተረጋጉ ናቸው። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይነሣል፤ አንዱ ይጥላል፣ ሌላው ይወድቃል። የሚወድቀው ራሱን ለጣዩ ያመቻቻል፤ የሚጥለውም የወደቀውን አንገት ይጠብቃል። ተመልካች «አስመሳይነት» የሚለው ይህ ነገር፣ በእኛ አስተያየት፣ የጥበቡ ዋና ክብር ነው። ሁለት ኃይለኛ ሰዎች እያንዳንዳቸው የሌላውን አካል በአደራ ይይዛሉ።

ከ10 ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ ኪሙራ እግሩን ሰነዘረ። ሪኪዶዛን ይህ ምት ብልቱን እንዳገኘውና እንዳስቆጣው ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ የታየው ትግል አልነበረም። ሪኪዶዛን በመዳፉና በእጁ ጠርዝ ፊቱንና አንገቱን እየደበደበ ኪሙራን ወደ ጥግ ገፋው፤ ሲወድቅም በእግሩ ራሱን መታው። ኪሙራ በደም ተነክሮ በግንባሩ ተደፋ። ግጥሚያው ተቋረጠ። ሪኪዶዛንም ሻምፒዮን ተባለ።

ኪሙራ ስለዚያች ቅጽበት ከተወው ምስክርነት አንድ ነገር ከአእምሮአችን አልጠፋ ብሎናል። ሪኪዶዛን እጁን ሲያነሣ ኪሙራ እንደተለመደው ደረቱ ላይ የሚያርፍ ምት መስሎት ሊቀበለው ሁለት ክንዶቹን ከፈተ። ምቱ ግን አንገቱ ላይ አረፈ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለው የአገራችን ተረት ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ሂሱ እንመለስ። ስለዚህ ምሽት የሚነገር አንድ የተለመደ አስተሳሰብ አለ። «ያ ግጥሚያ ብቻ እውነተኛ ነበረ፤ ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው» የሚል። ይህ አስተሳሰብ ደምን ከእውነት ጋር ያምታታል። እውነተኛ ግጥሚያ የሚሆነው ሁለቱም እውነተኛ መሆኑን ሲያውቁ ነው። ኪሙራ እውነተኛ ውጊያ መሆኑ ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ክንዱን አይከፍትም ነበር። አንዱ በጨዋታው ደንብ፣ ሌላው በጦርነት ደንብ ሲቆም እዚያ የሚገኘው ድል የጉልበትንም ሆነ የጥበብን ብልጫ አይመሰክርም። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደነበር የኩራማዬው ምሽት ምንም አልነገረንም።

ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት በ1957 ያሳተመውን «ሚቶሎዢ» የከፈተው ስለ ትግል በጻፈው ድርሰት ነው። ተመልካች ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኖ እንደሆነና እንዳልሆነ አይጨነቅም፤ የሚፈልገው ሥቃይን፣ ሽንፈትንና ፍትሕን በግልጽ ምልክት ሆነው ማየት ነው ይላል። ስለ ሻርፕ ወንድማማቾች ትግል ይህ አስተያየት በትክክል ይሠራል። ስለ ኩራማዬው ምሽት ግን አይበቃም። የኪሙራ ደም ምልክት አልነበረም፤ ደም ነበረ። በአዳራሹ የተቀመጠው ተመልካች ግን የሚያየው ነገር ከምልክትነት ወደ ገሃዱ ዓለም የተሻገረበትን ቅጽበት ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ያ የመድረክን ፈጠራ እንዲቀበል የተማረበት ዓይኑ እውነተኛውንም ግፍ እንደ ፈጠራ ተቀበለለት። የነገሩ አስከፊነት ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ይታየናል።

ሌላም ትርጓሜ አለ። ሪኪዶዛን የቅኝ ተገዢ ልጅ ስለሆነ ይህን ድል የተገዢው በቀል አድርገው የሚያነቡ ይኖራሉ። ለዚህ ትርጓሜ ልባችን መሳቡን አንክድም፤ ነገር ግን አይጸናም። በኪሙራ ወገን ሆኖ ሲመለከት የነበረው፣ በዚያም ድብደባ ክፉኛ የተቆጣው የካራቴው መምህር ማስ ኦያማም የኮሪያ ተወላጅ ነበር። ደግሞስ በቀል ከሆነ በማን ላይ ነው? የመድኃኒት ገንዘብ ፍለጋ በመጣ የጠጠር ለቃሚ ልጅ ላይ? ይልቁንም ሪኪዶዛን በሕይወት ሳለ ለሰፊው ተመልካች የተነገረው የትውልድ ታሪክ በናጋሳኪ አካባቢ የተወለደ ጃፓናዊ የሚያደርገው ነበር። ኮሪያዊነቱ ቢታወቅ የጃፓን ጀግንነቱ በአንድ ሌሊት እንደሚናድ ያውቅ ነበር። በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ የቆመ ሰው አቻ መውጣት አይበቃውም፤ ሁልጊዜ ማሸነፍ አለበት። ይህን ስንል ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም። በሰው አገር የምንኖር፣ ስማችንን ለባዕድ አፍ እንዲመች ያሳጠርንና የለወጥን ሰዎች የዚህን ጭንቀት ክብደት በጥቂቱም ቢሆን ስለምናውቀው ነው። ገዢው ስሙን የወሰደበት ሰው ለገዢው አገር ጀግና ሆኖ ለመኖር ተገደደ። ቁጣው ግን ያረፈው ስሙን በወሰዱት ላይ ሳይሆን ክንዱን በከፈተለት ሰው ላይ ነው።

የኋላ ታሪካቸው አጭር ነው። ሪኪዶዛን የጃፓን የገንዘብ ትግል አባት ተባለ፤ ጃያንት ባባንና አንቶንዮ ኢኖኪን አሠለጠነ። ዲሴምበር 8 ቀን 1963 በቶኪዮ የምሽት ክበብ ውስጥ አንድ የወንበዴ ቡድን አባል በጩቤ ወጋው፤ ከሳምንት በኋላ በ39 ዓመቱ ሞተ። ኪሙራ ቂሙን እንደያዘ በታኩሾኩ ዩኒቨርሲቲ ጁዶ ሲያስተምር ኖሮ በ1993 አረፈ። በ2011 ቶሺናሪ ማሱዳ የተባለ ደራሲ «ማሳሂኮ ኪሙራ ሪኪዶዛንን ስለምን አልገደለውም?» የሚል ርእስ ያለው ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ የተረሳው ጁዶኛም ስሙ ታደሰ።

በዚህ ርእስ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለን። ስለምን አልገደለውም ብሎ መጠየቅ ነገሩን እንደገና ወደ ጉልበት ሚዛን ይመልሰዋል። እኛ ልንጠይቅ የምንሻው ኪሙራ ስለምን ክንዱን ከፈተ ብለን ነው። መልሱም የዋህነቱ ብቻ አይመስለንም። ሙያው ይህን ይጠይቅ ነበር። ባላጋራን ሳያምኑ ይህን ጥበብ መሥራት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ያተትነው ለራሳችን ጽሑፎች ጭምር ብለን ነው። ደም በበዛ ቁጥር ድርሰት ወደ እውነት የሚቀርብ የሚመስላቸው ጸሐፊዎች በመካከላችን አሉ። ገጸ ባሕርያቸውን በድንገት ያርዳሉ፤ አንባቢውንም ባላሰበበት ቦታ ይመታሉ፤ ደንግጦ ሲቀር «እውነትን አሳየነው» ይላሉ። አንባቢ መጽሐፍ ሲገልጥ ኪሙራ እንዳደረገው ክንዱን ከፍቶ ነው። ደረቱን ሊመቱት ይችላሉ፤ ለዚያ ፈቅዶ መጥቷል። አንገቱን የሚመታ ግን ባለሙያ አይባልም።