«ዝቅተኛ እትም» እና «ከፍተኛ እትም»፦ የአንድ የኮምፒዩተር መልእክት አተረጓጎም ሲመዘን

የሙያ ቃላት ስያሜ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በቃላት ዝርዝር ነው። የውጭው ቃል በግራ፣ የአማርኛው አቻ በቀኝ ይሰፍርና አቻው ተስማሚ መሆን አለመሆኑ ይወሰናል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከዝርዝሩ ወጥቶ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ፣ ዐረፍተ ነገሩም አንባቢውን አንድ ነገር እንዲፈጽም ሲያዝ፣ በዝርዝሩ ላይ ያልታየ ጉድለት ይገለጣል። ይህ ሐተታ አንድ አጭር የኮምፒዩተር መልእክት በመውሰድ፣ በትርጉም ሥራ የተለመዱ ጥቂት ስያሜዎችን ከዚህ አንጻር ይመረምራል።

ሀ. መልእክቱና ምክንያቱ

መልእክቱ ፋየርፎክስ የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ አልከፈት ሲል የሚወጣ ነው። ማሰሻው በሁለት ክፍል የቆመ ነው፤ አንዱ ተጠቃሚው የሚያየው መርሐ ግብር፣ ሌላው ጌኮ የሚባለውና ገጾችን አንብቦ የሚያሳየው መሠረት ነው። የየክፍሉ ቁጥር በትንሽ የጽሑፍ ፋይል ተመዝግቦ ይገኛል፤ የመርሐ ግብሩ ፋይል በተጨማሪ ከየትኛው እስከ የትኛው ቁጥር ያለውን መሠረት እንደሚቀበል ይናገራል። ማሰሻው ሲነሣ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። እድሳቱ በመካከል ከተቋረጠ፣ ወይም ሌላ መርሐ ግብር አንዱን ፋይል ይዞ እንዳይተካ ካደረገ፣ ከፋይሎቹ ከፊሉ አዲስ ከፊሉ አሮጌ ይሆንና ማሰሻው አይከፈትም። ሞዚላ በ2011 እ.ኤ.አ. በየስድስት ሳምንቱ አዲስ ሥሪት ማውጣት ከጀመረ ወዲህ እድሳቱ ስለ ተደጋገመ፣ ለእንዲህ ያለው መደባለቅ አጋጣሚው ሰፍቷል።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጡትን የሁለት ሥሪቶች ቁጥር ለምሳሌ ብንወስድ፣ መልእክቱ በተለመዱት ስያሜዎች ቃል በቃል ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«ስሕተት፦ የመድረክ እትም 14.0.1 ከዝቅተኛ እትም 13.0.1 እና ከከፍተኛ እትም 13.0.1 ጋር ተኳኋኝ አይደለም።»

እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ቢቀርብ ብዙ ተከራካሪ አይገጥመውም። ዐረፍተ ነገሩ ግን ለአንባቢው አይገባም።

ለ. ስያሜዎቹ ሲመረመሩ

ዋናው ጉድለት ያለው «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» በሚሉት ቃላት ላይ ነው። ዝቅተኛ ኑሮ፣ ዝቅተኛ ውጤት እንደሚባለው ሁሉ፣ ቅጽሉ ከስም በፊት ሲውል ደረጃን ይነግራል። ስለዚህ አንባቢው «ዝቅተኛ እትም» ሲያይ በጥራቱ ያነሰ እትም ማለት ይመስለዋል። የደመወዝን የታች ወሰን ለማመልከት «ወለል» የሚለውን ቃል መጨመር ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ይመስላል። በመልእክቱ የተፈለገው ወሰን ነው፤ ወሰንን ደግሞ አማርኛ በቅጽል ከመግለጽ ይልቅ በግሥ መግለጽ ይቀናዋል፦ «ከ13.0.1 የማያንስ፣ ከ13.0.1 የማይበልጥ»። እንዲህ ሲጻፍ ሌላም ነገር ይገለጣል። የማያንሰውና የማይበልጠው አንድ ቁጥር ስለ ሆነ፣ ጠቅላላው ሐሳብ «13.0.1 ብቻ» ማለት ነው። ቃል በቃል የተደረገው ትርጉም ይህን ከአንባቢው ብቻ ሳይሆን ከተርጓሚውም ሰውሮታል።

«እትም» ከኅትመት የመጣ ስለ ሆነ ለመጽሐፍና ለጋዜጣ ይስማማል። ለተሠራ ዕቃ ግን ሕዝቡ «የጃፓን ሥሪት መኪና» ሲል የኖረበት «ሥሪት» የተሻለ ነው። ቃሉ በመሬት ሥሪት ሌላ ፍች ቢኖረውም፣ አውዶቹ ስለሚራራቁ መደናገርን አያስከትልም። «መድረክ» ተናጋሪ የሚቆምበትን ስፍራ ያመለክታል፤ እዚህ የተፈለገው ሌላው ሁሉ የሚያርፍበት ስለ ሆነ «መሠረት» ይበቃል።

«ተኳኋኝ» ከኾነ የተረባ፣ በአረባቡ እንከን የሌለበት ቃል ነው። ሆኖም አጻጻፉ ገና አልረጋም፤ ተኳዃኝም ተኳሃኝም ተብሎ ይጻፋል። «ተስማሚ» ፈቃድ ያላቸውን ወገኖች ያስታውሳል። ለሁለት ግዑዝ ነገሮች መያያዝ ግን ገጠመ የሚል ግሥ አለን፤ «ድስት ግጣሙን አያጣም» የተባለውም ስለዚሁ ነው። ፋይሎቹ አልገጠሙም ቢባል ማንም ይረዳዋል።

«ስሕተት» ሳተ ከሚለው የመጣ ስለ ሆነ የሳተ ሰው መኖሩን ያሳስባል። አንባቢው ራሱን ይጠረጥራል። በዚህ ሁኔታ የሳተም የተበላሸም የለም፤ እያንዳንዱ ፋይል ደኅና ነው፣ የተገናኙት ግን አቻ ለአቻ አይደሉም።

ሐ. የትእዛዙ ቃላት

መፍትሔው መርሐ ግብሩን ማራገፍ፣ የቀረውን የመርሐ ግብሩን አቃፊ ማስወገድ፣ ከዚያም ሙሉውን ሥሪት እንደገና መጫን ነው። ጫነና አራገፈ ከአጋሰስ ጭነት የተወረሱ፣ እርስ በርሳቸው የሚፈቱ ግሩም ጥንድ ናቸው። ችግራቸው በአክብሮት ትእዛዝ ላይ ይታያል። «መርሐ ግብሩን ይጫኑ» ከጫነ፣ «ቁልፉን ይጫኑ» ከተጫነ የመጡ ናቸው፤ በንግግር የኋለኛው ጫ ስለሚጠብቅ ይለያሉ፣ ፊደላችን ግን ጥብቀትን ስለማያሳይ በጽሑፍ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ለቁልፍ «ይንኩ» ማለት ይሻላል።

«ያጥፉ» ከዚህ የባሰ ነው። መብራትም ኮምፒዩተርም ይጠፋል፣ ሰነድም ይጠፋል፤ የመጀመሪያው ተመልሶ ይበራል፣ ሁለተኛው ላይመለስ ይችላል። ዕልባቶችና የይለፍ ቃላት ከመርሐ ግብሩ አቃፊ ውጭ ስለሚቀመጡ በማራገፍ አይነኩም። የቀድሞው ማራገፊያ የግል መረጃን ጭምር ላስወግድ ብሎ ይጠይቅ በነበረ ጊዜ ግን በአንድ ቃል መደናገር የዓመታት ክምችት ሊያሳጣ ይችል ነበር። ለማብራት ተቃራኒ «ያጥፉ»፣ ለሰነድ «ይሰርዙ» ወይም «ያስወግዱ» ተብሎ መለየት አለበት።

የተሳካ ስያሜ ምን እንደሚመስል «ዕልባት» ራሱ ያሳያል፤ በመጽሐፍ ቅጠሎች መካከል ይገባ የነበረው ምልክት ስሙን ለአዲሱ ነገር ያለ ማብራሪያ ሰጥቷል። «ማሰሻ» የምጣድ ማሰሻን ቢያስታውስም አውዱ ይለየዋል።

መ. የቀረበ ሐሳብ

መልእክቱ በሚከተለው አኳኋን ቢጻፍ የተሻለ ነው፦

«ፋየርፎክስ ሊከፈት አልቻለም። መርሐ ግብሩ የሚቀበለው መሠረት 13.0.1 ብቻ ነው፤ የተገኘው 14.0.1 ነው። መርሐ ግብሩን አራግፈው ሙሉውን ሥሪት እንደገና ይጫኑ። ዕልባቶችዎን እንዳያጡ የግል መረጃዎን አያስወግዱ።»

ከዋናው ይረዝማል፤ ነገር ግን አንባቢው የሆነውንም፣ የሚያደርገውንም፣ የማያደርገውንም ያውቃል። ወደ ፊትም ማናቸውም የሙያ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት ቢያንስ በአንድ የሐተታና በአንድ የትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ፣ ሙያው በሌለው አንባቢ ፊት ሊፈተን ይገባል።