ጠበቃ በወረቀቱ ሲመዘን

የንግድ ክርክርና የአእምሯዊ ንብረት ጠበቃ የሚፈልግ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዓመት ሠራ? ስንት ክስ ረታ?» ብሎ ነው። መልሱ ብዙ አይነግርም። ቀላል ጉዳይ እየመረጠ የሚይዝ ሰው ሁሉንም ቢረታ አይገርምም። እኔ የምጠይቀው የተከራካሪዎቹ ስም የተሰረዘበት አንድ የቆየ የክስ አቤቱታ ነው። የማነበውም ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ነው፤ ዳኝነት የሚጠየቀው እዚያ ነዋ።

ደካማው «ፍርድ ቤቱ ተገቢውን ይወስንልን» ብሎ ያልፋል። ፍርድ ቤት ደግሞ ያልተጠየቀውን ዳኝነት አይሰጥም። ጎበዙ ተከሳሹ በንግድ ምልክቱ መጠቀም እንዲያቆም፣ መደብርና መጋዘን ያለው ማሸጊያ እንዲሰበሰብ፣ ጉዳቱ በዚህ በዚህ ስሌት እንዲካስ፣ ክርክሩ እስኪቋጭም እግድ እንዲሰጥ ለየብቻ ይጽፋል። ቀጥዬ የማስረጃ ዝርዝሩን አያለሁ። የሳሙና ስያሜ ተመሳሰለብኝ ለሚል ክስ ሁለቱ ማሸጊያዎች፣ ከተከሳሹ ሱቅ የተገዛበት ደረሰኝም ከነቀኑ መያያዝ አለባቸው። ምስክር ብቻ የተደረደረበት አቤቱታ ያሳስበኛል። ግማሹ በደማቅ ፊደል የተጻፈም እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ጠበቃው የራሱን ደንበኛ የንግድ ምልክት ምስክር ወረቀት አስቀድሞ መመርመሩ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ምዝገባ የሚጸናው ለ7 ዓመት ነው፤ ካልታደሰ ያበቃል። 3 ዓመት በተከታታይ ያልተሠራበት ምልክትም ሊሰረዝ ይችላል። ይህን ሳያይ የከሰሰ ጠበቃ የተከሳሹን መልስ ራሱ ጽፎ ሰጥቶታል።

የትኛው የሕግ መንገድ እንደሚያዋጣ መምረጥስ? ለዚህ የቡናችንን ጉዳይ የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የቡና ኩባንያው ስታርባክስ ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ስያሜ ቀድሞ አመልክቶበት ስለነበር የሲዳሞ ማመልከቻ ታገደ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ደግሞ ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት የወል መጠሪያ ናቸው ብሎ ተቃወመ። የትውልድ ቦታ የሚያረጋግጥ ምልክት ይሻላችኋል የሚል ምክርም ከስታርባክስ መጣ። ምክሩ ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ነገር ግን ቡናው ከዚያ ቦታ መምጣቱን የሚያጣራና የሚመሰክር ሥርዓት ይፈልጋል፤ ማሳቸው ትንንሽ የሆነ፣ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ገበሬዎች ቡና በጆንያ በጆንያ እንዴት ይከታተሉት? በነፃ ሲያግዝ የነበረው አርኖልድ ኤንድ ፖርተር የተባለው የጠበቆች ድርጅት እያለበት የተያዘው መንገድ ሌላ ነበር፤ ስሙ በመንግሥት እጅ ይሁን፣ ገዢዎች ያለ ክፍያ ፈቃድ እየወሰዱ ይጠቀሙበት። በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ተፈራረመ፤ ሦስቱም ስሞች በየጊዜያቸው ተመዘገቡ። ገበሬው ኪስ ስንት ገባ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የሕግ ሥራው ብቻ ቢመዘን ግን እኔ በአድናቆት ነው የማነሳው፤ ጉዳዩ ችሎት ሳይደርስ አልቋልና።

ወደ ቢሮው የሄድኩበት ጠበቃ አቤቱታው ካማረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፤ «እንዳይከስ የመከሩት ደንበኛ አለ?» ስም ሳይጠራ ምክንያቱን ከነአንቀጹ ካስረዳኝ፣ ስለ ክፍያው እንነጋገራለን።