«ቲዎሪ» የሚለው ቃልና የዝግመተ ለውጥ ትምህርት

የዝግመተ ለውጥ ትምህርት በተነሣ ቊጥር ከተማሪዎች ዘንድ ቶሎ የሚሰማው መልስ «ይህማ ቲዎሪ ነው» የሚል ነው። ተናጋሪው እንዲህ ሲል ነገሩ ያልተረጋገጠ፣ ቢቀበሉትም ባይቀበሉትም ለውጥ የማያመጣ ግምት ነው ማለቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ተማሪውን ሳይሆን ቃሉን በዚህ መልኩ ያስረከቡትን የአነጋገር ልማድና የመማሪያ መጽሐፍ አቀራረብ ነው።

በመጀመሪያ ቋንቋውን እንመልከት። ቲዎሪ በአማርኛ «ንድፈ ሐሳብ» ተብሏል። ንድፍ ግን ግንበኛ መሠረት ሳይቈፍር፣ ልብስ ሰፊም ሳይቈርጥ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ጅምር ነው። ስለዚህ ቃሉን የሰማ ተማሪ ያላለቀ ሐሳብ ነው ብሎ ቢረዳው አያስደንቅም። ለሃይፖተሲስ የተሰጠው «መላ ምት» ግን ግብሩን በሚገባ ይገልጻል። በሌላ በኩል ቲዎሪ በዕለት ንግግራችን የተግባር ተቃራኒ ሆኗል። በሐዋሳ አዲስ ከተማም ሆነ በሌላ ስፍራ መንጃ ፈቃድ የሚሻ ሰው የቲዎሪውን ፈተና ከጨረሰ በኋላ ወደ ተግባሩ ይሄዳል፤ ቲዎሪም በወረቀት ላይ የሚቀር ነገር መስሎ ይታየዋል።

በሳይንስ ዘንድ ቲዎሪ ማለት ብዙ የታወቁ ነገሮችን አስተሳስሮ ምክንያታቸውን የሚያስረዳ፣ ገና ያልታየውን አስቀድሞ የሚያመለክት፣ በፈተና ሊወድቅ ሲችል ሳይወድቅ የቆየ ማብራሪያ ነው። በሽታን ተሐዋስያን ያመጣሉ የሚለውም ትምህርት ቲዎሪ ይባላል፤ ነገር ግን «ቲዎሪ ብቻ ነው» ብሎ እጁን ሳይታጠብ ቀዶ ሕክምና የሚጀምር ሐኪም የለም።

የመማሪያ መጽሐፉም ነገሩን አላቀለለውም። ቀደም ባለው ሥርዓተ ትምህርት የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ ሕይወት አመጣጥ ሲያስተምር ልዩ ፍጥረትን፣ ሕይወት ከግዑዝ ነገር በድንገት ይገኛል የሚለውንና የባዮኬሚካሉን አመጣጥ ከሌሎች ጋር «ቲዎሪዎች» በሚል አንድ ስም ደርድሯቸዋል። ሁለተኛውን ሉዊ ፓስተር በ19ኛው መቶ ዓመት በሙከራ አፍርሶታል። የመጀመሪያው የእምነት ቃል ነው፤ በቤተ ሙከራ ይፈተን ዘንድ አልተነገረም። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ሃይማኖትንም ሳይንስንም አያከብርም። ከዚህም በላይ ሕይወት እንዴት ተጀመረ የሚለው ጥያቄና ሕያዋን እንዴት ይለወጣሉ የሚለው ጥያቄ የተለያዩ መሆናቸውን ይሸፍናል።

ቲዎሪ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ከአገራችን ሁለት ምሳሌ ይበቃል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ጥንታውያን ወላጆች በአፍሪካ ሳይኖሩ አይቀሩም ብሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከአፍሪካ ምድር ይህን የሚመሰክር አጥንት አልተገኘም። ከ103 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ድንቅነሽ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን ቀጥ ብላ በሁለት እግር ትሄድ ነበር። የወረቀት ግምት ነው የተባለው ሐሳብ የት መፈለግ እንደሚገባ አስቀድሞ አመልክቷል።

ሁለተኛው የስንዴ ነገር ነው። ዲጋሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋግን ስለ ተቋቋመ በባሌና በአርሲ በሰፊው ተዘራ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ግን ይህን ዝርያ ሊያጠቃ የሚችል ሌላ የግንድ ዋግ ዘር ተነሥቶ ማሳውን አጠፋ። አንድ ዓይነት ስንዴ አገሩን ሲሸፍነው፣ ያን ስንዴ ሊበላ የሚችለው ዋግ ከሌላው ይልቅ ይራባል፤ የተፈጥሮ ምርጫ ማለት ይህ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚወጣ የእርሻ ባለሙያ ለገበሬው ምን ምክር ይሰጠዋል? የቃሉ ስሕተት ዋጋው ከፈተና ወረቀት አልፎ እስከ ጎተራ ይደርሳል።

ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው ይህ ነው። «ንድፈ ሐሳብ» የተለመደ ስለሆነ ይቆይ፤ ነገር ግን መምህሩ ትምህርቱን ሲጀምር ከመላ ምት ለይቶ ያስረዳ። ፈተናውም የቲዎሪዎችን ስም መዘርዘር ትቶ «ይህን ማብራሪያ ምን ቢገኝ ያፈርሰው ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪው እምነቱን እንዲተው የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው አንድን ማብራሪያ ከመቃወሙም ሆነ ከመደገፉ በፊት እንዲያውቀው ነው።