የሄደ የመሰለኝ ወፍ

በማስታወሻ ደብተሮቼ ውስጥ፣ በተከታታይ ለዘጠኝ ዓመታት፣ በኅዳር ወር መጨረሻ ላይ «የመስቀል ወፍ ሄደ» የሚል አንድ መስመር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህንም መስመር በየዓመቱ ስጽፍ፣ አባቶቻችን ሲሉት ከሰማሁት በቀር፣ ወፉ ወዴት እንደ ሄደ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደ ተጓዘ፣ ሲሄድም በዓይኑ ያየው ሰው ይኖር እንደ ሆነ ራሴን አልጠየቅሁም ነበር።

በዐሥረኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በአበርገሌ ቆላ ከአንድ የወንዝ ዳር ሸምበቆ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ከሆኑት ብዙ ወፎች መካከል አንዱ፣ ጉሮሮው ላይ እንደ ደም ጠብታ ያለ ቀይ፣ ሆዱም ላይ የተበጣጠሰ ጥቁር ቀርቶበት አየሁት። ለካ ወፉ አልሄደም፤ ልብሱን አውልቆ ኖሯል። ቅዳሴ ሲያልቅ ልብሰ ተክህኖውን በዕቃ ቤት አኑሮ፣ ጋቢውን ደርቦ ወደ ቤቱ የሚያዘግመውን ካህን «ከአገር ወጣ» የሚለው ሰው የለም፤ እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በወፉ ላይ እንዲሁ ብዬበት ነበር። ፈረንጆች ይህንኑ ቀይ ወፍ በቋንቋቸው «ጳጳስ» ብለው እንደሚጠሩት በኋላ ባነበብሁ ጊዜ፣ ምሳሌዬ የእኔ ብቻ አለመሆኑን አይቼ ጥቂት ቅር አለኝ። በሕዝብ ዘንድ የመስቀል ወፍ የሚባለውም አንድ ዘር ብቻ አይደለም፤ ቀይና ጥቁር የሚለብሰውም፣ ቢጫ የሚለብሰውም፣ ጭራው ከሰውነቱ የሚረዝመውም በየአገሩ በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ የሁሉም ወንዶች በክረምቱ ዝናብ ለመራቢያቸው ተሸልመው፣ ሣሩ ሲደርቅ እንደ ሴቶቹ ይሆናሉ።

ለወፍ ተመልካችነቴ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቴ የዜማ ቤት ነበር። በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ በጆሮ መለየት ስማር፣ ለቅዱስ ያሬድ ሦስት አዕዋፍ ከኤዶም ገነት ተልከውለት በሰው አንደበት እንዳነጋገሩትና ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም እንዳወጡት ይነገረን ነበር፤ እኛም ልጆቹ ስለ ክንፋቸው ቀለም ስንከራከር፣ የኔታ ግን «ያሬድ ያደመጣቸው እንጂ ቀለማቸውን የቆጠረ አይደለም» ብለው ዝም ያሰኙን ነበር። ዛሬ የምሰማውን ወፍ ሁሉ ከማየቴ አስቀድሜ በድምፁ ለመለየት የምጥረው፣ አንገቴን ቀና አድርጌ ዓይኔን ጨፍኜ ለጥቂት ጊዜ የምቆመውም፣ ከዚያ ተግሣጽ የተነሣ ነው።

ከሰቆጣ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከሚበልጠው ደጋ ተነሥቶ ወደ ኒሯቅና ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ሰው፣ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የአየሩን፣ የዛፉንና የወፉን መለወጥ አብሮ ያያል፤ ቁልቋሉ ለግራር፣ ግራሩም በየገደሉ ጥግ ለዕጣን ዛፍ ስፍራ ይለቃል፤ በስማቸው የታወቁት የአበርገሌ ፍየሎችም በየቁጥቋጦው ይበተናሉ። ወፍ ለማየት ወዴት ልሂድ ብሎ የሚጠይቀኝ እንግዳ ባጋጠመኝ ቁጥር፣ እኔም መልሼ «በስንት ሰዓት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። በቆላው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ለወፍ ተመልካች የተሰጠ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስትበረታ ደኑ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ በዚያ ሰዓት ደርሶ «እዚህ ወፍ የለም» ብሎ የተመለሰ ሰው፣ በሌሊት መጥቶ ገበያው ባዶ ነው ከሚለው ነጋዴ አይለይም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለአዕዋፍ ጠቃሚ የሆኑ 69 ስፍራዎችን መዝግቦ ማሳተሙ ለመንገደኛ ትልቅ ረድኤት ነው፤ ለነዋሪ ግን ከመዝገቡ ይልቅ አንድ ያፈራ ሾላ ይበልጥበታል።

ስለ ሾላው ትንሽ ልዘግይ። በደረቅ ወንዝ አሸዋ ዳር የቆመ ሾላ ፍሬው ሲበስል፣ አረንጓዴ ርግቦች ከሩቅ ይሰበሰቡበታል፤ ቢጫ ሆዳቸውና አረንጓዴ ክንፋቸው ከቅጠሉና ከፀሐዩ ጋር አንድ ስለሚሆን፣ ሃምሳ ርግብ ተሸክሞ ሳለ ዛፉ ባዶ ይመስላል። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ርግብ «ዋልያ» ብሎ ስለ ጻፈው፣ ዛሬ እኛ ለሰሜን ተራራ ፍየል የምንሰጠውን ስም በሊቃውንቱ መዝገብ ርግቢቱ ይዛው ትኖራለች። እኔ ይህችን ወፍ ማየት የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። መነጽሬን ወደ ቅርንጫፉ አቅንቼ አንገቴ እስኪዝል ስፈልግ ያየኝ አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ «ጋሼ፣ ዛፉን ይተዉትና መሬቱን ይዩት» አለኝ፤ ባየሁም ጊዜ ግማሹ የተበላ ፍሬ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ የሚወርድበትን መስመር ወደ ላይ ስከተለው ርግቢቱ ከፍሬው በላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ከዛፍ ሥር ደርሼ ቀና ከማለቴ በፊት አጎነብሳለሁ።

የገደሉን ነገር ያነሣን እንደ ሆነ፣ ቅልጥም ሰባሪን የሚሻ ሰው ሰማይን ከመቃኘት ይልቅ የአጥንት ስብርባሪ የተበተነበትን ጠፍጣፋ ዐለት ይፈልግ፤ ወፉ አጥንቱን ከፍ አድርጎ ለቆ የሚሰብርበት ስፍራ እርሱ ነውና፣ ቆይቶም ቢሆን ወደዚያው ይመለሳል። ሌሎቹ ጥንብ አንሳዎች ግን በሰው የዘመን አቆጣጠር ጭምር የሚመሩ ይመስሉኛል። በከተማ ዳር የዕርድ ተረፈ ነገር በሚጣልበት ቦታ ስቆጥራቸው፣ ከየካቲት ጀምሮ ቁጥራቸው እያነሰ ሄዶ አንድ ሁለት ብቻ ሲቀሩ፣ በመርዝ ያለቁ መስሎኝ ብዙ አዝኜ ነበር፤ ሐዘኔም እስከ ትንሣኤ ማግሥት ቆየ። ለ55 ቀን ሥጋ የማይታረድበት ዐቢይ ጾም መሆኑን፣ እኔው ራሴ እየጾምሁ፣ አላሰብሁትም። እነርሱ በዚያ ወራት ከብት በድርቅ ወደሚወድቅበት ሜዳ ተበትነው ኖሯል። በትግራይ ስለ ጅብ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በዚሁ ጾም ወራት ጅቦች አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ ከሰገራቸው ውስጥ በተገኘው ጠጉር ማሳየቱን ባነበብሁ ጊዜ፣ ስሕተቴ ጥቂት ቀለለኝ።

ከጥንብ አንሳዎቹ አንዱ በጀርመናዊው በኤድዋርድ ሩፔል ስም ይጠራል፤ ይህ ሰው በ1832 እ.ኤ.አ. ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣ፣ ከአገራችን ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት በወሰዳቸው ቆዳዎችም ብዙ አዕዋፍን ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቀ ነው። በስሙ የሚጠራው አሞራ በ1973 እ.ኤ.አ. በአቢጃን ሰማይ ከ11,000 ሜትር በላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስለ ተገኘ፣ ከፍ ብሎ በመብረር እስከ ዛሬ የሚተካከለው ወፍ አልተመዘገበም። በየተዳፋቱ ጎህ ሲቀድ የሚጮኸውንም ትልቅ ቆቅ ሩፔል በረዳቱ በኤርክል ስም ሰየመው፤ የአበርገሌ እረኛ ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ሲያውቀው እንደ ኖረ ግን የጠየቀው ያለ አይመስለኝም።

ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2009 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ፣ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ በዋግ በኩል ላሉት ቆላዎች ዳርቻ ሆኖላቸዋል። ዓሣ በል ንስር በሰመጠ ዛፍ ጫፍ ተቀምጦ፣ ቆሮሶ የሚያወጡትን አጥማጆች መረብ ሲጠብቅ ማየት ቀላል ነው። ቀላል ስለ ሆነም ብዙ አልጽፍበትም።

አንድ ነገር ግን ለጀማሪ መንገር ይገባል። ብዙ መከራ ባየ አገር፣ መነጽር ይዞ ከኮረብታ ላይ የተቀመጠ ሰው ወፍ ያያል ብሎ የሚያምን የለም፤ እኔም አንድ ጊዜ ከቀትር እስከ ማታ የወፍ ሥዕል እያሳየሁ ራሴን ሳስረዳ ውያለሁ። ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄዶ ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን መሳለም፣ የመጡበትን ማስረዳት፣ መነጽሩንም ለልጆቹ ማዋስ ይበጃል። በቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ላይ የምትጮኸውን ሶሪት ከማንም በፊት የሚያሳዩት እነዚያው ልጆች ናቸው።

ዘንድሮ በመጋቢት፣ ውኃው ጎድሎ ሸምበቆው በግማሽ በደረቀበት ወራት፣ ወደዚያው የወንዝ ዳር ወረድሁ። ከእኔ ጋር የነበረው ወጣት፣ ለመጠጣት የወረደውን የቡናማ ወፍ መንጋ እያየ «ጋሼ፣ እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለኝ። ብዙ ጊዜ አየኋቸው፤ ቀይም ጥቁርም የቀረበት አንድ እንኳ አልነበረም። ደብተሬን አውጥቼ «ቡናማ፤ አርባ ግድም፤ ወንዱ ከሴቱ አልተለየም፤ አሉ» ብዬ ጻፍሁ።