ብዕር በፊደል ይመረጣል

በአርሲዋ ሳጉሬ ተቀምጬ ብራና የምጽፈው በመቃ ብዕር ነው። ያም ሆኖ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችና ወዳጆች ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ወተት ተቀብቶ በወርቅ ሥዕል ያጌጠ የጃፓን ፋውንቴን ፔን ለመግዛት ሲያስቡ "የትኛው ይሻላል?" ብለው ይጠይቁኛል። የአንዳንዱ ዋጋ ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚደርስ ሰው ማማከራቸው ተገቢ ነው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፊደላችንን ሊጽፍበት የሚፈልግ ሰው ብዕርን መምረጥ ያለበት ከአፉ ጀምሮ ነው፣ ወርቁና ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ይህን ያስተማረኝ መቃ ነው። የቁም ጽሕፈት ፊደል ቁመቱ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ነው። "በ" ስትጻፍ ሁለቱ እግሮቿ ይደምቃሉ፣ ጣሪያዋ ይሳሳል። "ዐ" ግራና ቀኟ ይወፍራል፣ ከላይና ከታች ይቀጥናል። ልዩነቱ የሚመጣው እጅን በመጫን ሳይሆን የብዕሩ አፍ ጠፍጣፋ ሆኖ በመቆረጡ ነው። በደንብ የደረቀ መቃ መርጬ በሰንጢ አሾለዋለሁ፤ የውስጡን ለስላሳ ፍቄ አወጣለሁ፤ አፉን መሐል ለመሐል ከሰነጠቅሁ በኋላ ጫፉን እቆርጠዋለሁ። የፊደሉን ውፍረት የሚወስነው ያ የጫፍ ስፋት ነው፤ ለጉልህ ጽሕፈት ሰፋ፣ ለረቂቅ ጠበብ ይላል። ስንጥቁ ሲያጥር ቀለሙ አልወርድ ይላል፤ ሲረዝም አፉ እየተከፈተ ያዝረከርካል። ቁም ጸሐፊ ለጥቁሩ አንድ ብዕር፣ የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ለሚጽፍበት ቀይ ቀለም ደግሞ ሌላ ብዕር ይይዛል። የቀለም ቀንዶቹም እንዲሁ ለየብቻ ናቸው።

መቃው ራሱ ዕድሜው አጭር ነው፤ አፉ በደነዘ ቁጥር ይቀረጻል፣ ሲያጥር ይጣላል። ሥራው ግን ይኖራል። ከአርሲ ደጋ ወደ ምዕራብ ሲወርዱ በሚገኘው በዝዋይ ሐይቅ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ፣ ደብረ ጽዮን ገዳም ለዘመናት የጠበቀቻቸው የብራና መጻሕፍት የዚህ ብዕር ውጤቶች ናቸው።

ጃፓኖቹ የተነሡት ከሌላ ችግር ነው። የቀድሞው ፋውንቴን ፔን አካሉ የሚሠራው ኤቦናይት ከሚባል ጠንካራ ጎማ ነበር። ኤቦናይት በፀሐይና በእጅ ላብ መልኩ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረተው የናሚኪ ኩባንያ ይህን ለመከላከል አካሉን በኡሩሺ መቀባት ጀመረ። ኡሩሺ የዛፍ ቅርፊት ተሰንጥቆ የሚለቀም ወተት ሲሆን የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ሞቅ ባለና እርጥበቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሚደርስ ሣጥን ውስጥ ነው። የሳጉሬ የክረምት ጉም የእኔን ብራና ያረጥብብኛል፣ የመቃዬን አፍ ያለሰልስብኛል፤ ለእነርሱ ግን እርጥበት ዋና የሥራ አጋዥ ነው። እየቀቡ፣ እያጠነከሩ፣ እየፋቁ ደግሞ ስለሚቀቡት አንድ ብዕር ወራት ሊፈጅ ይችላል። በኡሩሺው ላይ የወርቅ ዱቄት እየነሰነሱ ሥዕል ሲያወጡበት ማኪኤ ይባላል።

ይህን የእጅ ሥራ ከልቤ አከብራለሁ። ለመምረጥ ግን እጅ ውስጥ ገብቶ ይታይ። ታካ ማኪኤ የተባለው ሥዕል ከፍ ብሎ የሚወጣ ስለሆነ ጣት ላይ ይሰማል። ብዙ ገጽ ለሚጽፍ ሰው ዝቅ ያለው ሂራ ማኪኤ፣ ወይም ሥዕል የሌለው ልሙጥ ኡሩሺ ይሻለዋል። የትኛውም ቢሆን ለብዕሩ ማኅደር ነው፤ ማኅደር ስላማረ መጽሐፉ አይታረምም።

ወደ አፉ እንመለስ። የአብዛኛው ፋውንቴን ፔን ጫፍ ክብ ስለሆነ ቁመቱንም አግድሙንም እኩል ያወጣል፤ "በ" ስትጻፍበት ሽቦ የተጠማዘዘ ትመስላለች። የጃፓን ብዕር ሠሪዎቹ ፓይለት፣ ፕላቲነምና ሴለር ግን ለኖታ ጸሐፊዎች ብለው የሚሠሩት የሙዚቃ አፍ የሚባል አለ። ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ያወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ያቀጥናል። የእኛም ፊደል የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የፓይለትና የፕላቲነሙ ሁለት ስንጥቅ ስላለው ቀለም በብዛት ያወርዳል፤ ስለዚህ ጥሩ ወረቀትና ጎላ ያለ ጽሕፈት ይሻል። ኡሩሺ የሚቀባው የናካያ ኩባንያም ብዕሮቹን በዚህ አፍ ጭምር ይሠራል።

ሁለት ነገር ደግሞ ልጨምር፤ የመጀመሪያው ለደገኛ ነው። አዳማ ወደ 1,600 ሜትር፣ ሳጉሬ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። አዳማ የተሞላ ብዕር ሽቅብ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን ይገፋዋል። በጠብታ የሚሞሉት ትልልቆቹ የጃፓን ብዕሮች፣ ለምሳሌ የናሚኪው ኤምፐረር፣ ቀለሙን የሚዘጋ ቫልቭ ስላላቸው ለመንገድ ያንን መዝጋት ነው። ሌሎቹ ጢም ብለው ይሞሉ ወይም ባዶአቸውን ይያዙ፤ አፋቸውም ወደ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ቀለሙ ነው። ከጥላሸትና ከሙጫ የምናዘጋጀው የብራና ቀለም ፋውንቴን ፔን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ የቀለሙን መውረጃ ይደፍነዋል።

ፍርዴ ይኸው። በወርቅ ያጌጠ ግን ክብ አፍ ያለው ብዕርና ልሙጥ ኡሩሺ የተቀባ ጠፍጣፋ አፍ ያለው ብዕር ቢቀርቡልኝ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ልትገዙ ስትሄዱ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና "በ"፣ "ዐ" እና "ቤ" ጻፉ። የ"በ" እግርና ጣሪያ እኩል ከወፈሩ፣ ወይም የ"ቤ" ቀለበት በቀለም ከተሞላ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን ተዉት። ገንዘቡ ለማይደርስለት ደግሞ መቃና የተሳለ ሰንጢ ይበቃዋል፤ ፊደሉን አሳምሮ ይጽፍበታል።