በሠራዊት ሰፈር የታየች አገር፤ የውጭ ተጓዦች ስለ ወላይታ የጻፉት

እንግዳ ስለ ሰው አገር የሚጽፈው ቃል በሁለት ነገር ይመዘናል፤ ይኸውም በማን ቤት እንዳደረና ባለአገሩ የተጻፈበትን አንብቦ መልስ ለመስጠት መቻሉ ወይም አለመቻሉ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1842 አሜሪካን ዞሮ የታዘበውን በዚያው ዓመት ባሳተመ ጊዜ አሜሪካኖች በገዛ ቋንቋቸው አንብበው በጋዜጦቻቸው እየተቆጡ መለሱለት። ከእርሱ በፊት በ1831 ወደዚያው አገር የተሻገረው ፈረንሳዊው አሌክሲስ ደ ቶክቪልም ዘጠኝ ወር ያህል ሲቆይ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየጠየቀ መልሱን በማስታወሻ ይይዝ ነበር። በቦምቤም ሆነ በሶዶ፣ በጠቅላላው በወላይታ ምድር የሚኖረው ሕዝብ ግን ስለ እርሱ በተጻፈው የመጀመሪያ የዓይን ምስክር መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም።

መጽሐፉ የፈረንሳዊው የንግድ ወኪል የቫንደርሄም ሥራ ሲሆን በፓሪስ በ1896 ታተመ። ርእሱ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር የተደረገ ዘመቻ የሚል ነው። (ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ የተደረገውን ዘመቻ የንጉሥ ዘመቻ ብሎ መጥራት ለፓሪስ አንባቢ ምንም አልመሰለውም ይሆናል።) ቫንደርሄም በኅዳርና በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. በካዎ ጦና ላይ የዘመተውን ሠራዊት ተከትሎ ወላይታ ገባ፤ ፎቶግራፍም አነሣ። ካዎ ጦና ቆስሎ ሲማረክ፣ አገሩም ሲጠፋ በቅርብ ሆኖ አየ።

የዚህ ሰው ሥራ ተራ የመንገደኛ ወሬ ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱን እንጀራ እየበላ የተደረገውን እልቂት አልሸሸገም፤ የሰው ደም መፍሰሱንና የምርኮውን ብዛት በግልጽ ጽፏል። ከዘመቻው ወገን የተነገረ ታሪክ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል፣ ማለትም «አቀና» በሚለው፣ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ርኅራኄና ዕውቀት ልዩ ልዩ ናቸው። ቫንደርሄም የሞተውን ሰው አየ፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ እንዴት ይኖር እንደነበረ ግን ከሠራዊቱ ሰፈር ሆኖ ሊያይ አልቻለም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የከብቱ ነገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከብት የሚቆጠርና የሚከፋፈል ምርኮ ነው። በወላይታ ቤት ግን ከብት ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ፍጉ በየማለዳው ወጥቶ በጓሮው ባለው እንሰት ሥር ይፈሳል። ገበሬው በፍግ የዳበረውን የቤቱን ዙሪያ መሬት ዳርኩዋ ይለዋል፤ ራቅ ያለውንና ፍግ የማይደርሰውን ሾቃ ይለዋል። ዳርኩዋው የሚኖረው በከብቱ ነው። እንሰቱ ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመት ስለሚፈልግ፣ ከብቱ የተነዳበት ቤት የሚራበው በዚያ ሳምንት ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በኋላም ጭምር ነው። ለጊፋታ በዓል ወንዶቹ ለሰንጋው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ሴቶቹ ለቅቤው እንደሚያጠራቅሙ የሚያውቅ ሰው፣ የተነዳችው ላም ከቤቲቱ እመቤት እጅ ምን እንደወሰደች ይገነዘባል። አንዲት ቀን እንኳ እንሰት ስትፍቅ ከዋለች ሴት አጠገብ ቢቀመጥ ቫንደርሄምም ይህን በሰማ ነበር። የቁጥሩ ዐምድ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚቆጠረው ነገር ምንነት አልታወቀም።

ስሙም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ሕዝቡን የሚጠራው ራሱን በሚጠራበት ስም ሳይሆን ሌሎች በሰጡትና በሚጠላው «ዋላሞ» በሚለው ስም ነው። በዚህ ረገድ ፈረንሳዊው ብቻውን አይወቀስም፤ ስሙን ያገኘው በሰፈሩ ከከበቡት ኢትዮጵያውያን አፍ ነውና። በ1896 የመጣው የቦቴጎ የኢጣልያ ጉዞ ደግሞ የአባያን ሐይቅ በንግሥታቸው በማርጌሪታ ስም ሰየመው፤ ስሙም ለብዙ ጊዜ በካርታ ላይ ቆየ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቢያንስ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጠዋል። ሚሲዮናውያን በ1928 ሶዶ ገቡ፤ ከእነርሱ ወገን የሆነው ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሚሲዮናውያኑ በ1937 ሲወጡ 48 ያህል የነበሩት ምእመናን ከጦርነቱ በኋላ 10,000 ያህል ሆነው እንደተገኙ ይተርካል። እዚህ ባለአገሩ ሠሪ ነው፤ እንግዳው በሌለበት የሆነውን ነገር ሊነግረው የሚችለው እርሱ ብቻ ነውና። የመጽሐፉ ዓላማ ግን ስለ እምነት መመስከር ስለሆነ ስለ ዳርኩዋና ስለ ጊፋታ የሚጠይቅ አንባቢ ወደ ሌላ መሄድ አለበት። ጀርመናዊው ሊቅ አይከ ሀበርላንድ በ1965 ስለ ኢትዮጵያ ንግሥና ባሳተመው ትልቅ ጥናት ወላይታን ከሽማግሌዎች አፍ ሰምቶ ጻፈ። ከሦስቱም ይህ ሥራ ይበልጣል፤ ሆኖም ርእሱ ንግሥና በመሆኑ የነገሥታቱ ትውልድ መካከሉን ሲይዝ የእንሰት ጓሮው በዳር ይቀራል።

ስለዚህ የቫንደርሄምን መጽሐፍ ይዞ ወደ ቦምቤ የሚወርድ ተማሪ ሽማግሌዎቹን ስለ ጦርነቱ ቀን ከመጠየቁ በፊት፣ ከብቱ ከተነዳ በኋላ የአያቶቻቸው ዳርኩዋ ስንት ዓመት ያለ ፍግ እንደቆየና እንሰቱ ዳግመኛ በምን እንደተተከለ ቢጠይቅ ይሻላል። ይህ ሲሆን ፈረንሳዊው ከሠራዊቱ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ነበር።