«ጭነት» የሚለው ስያሜ በአሮጌ የአርማታ ድልድዮች ምዘና

የድልድይ ምሕንድስና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች «ጭነት» የተባለውን ቃል ለሁለት ፅንሰ ሐሳቦች ሲያውሉት ይታያል። አንደኛው በድልድዩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው፤ ሁለተኛው መኪናው የተሸከመው እህል፣ ሲሚንቶ ወይም ነዳጅ ነው። ተናጋሪው ሕዝብ የሚያውቀው ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው። በአንድ አሮጌ ድልድይ አፍ ላይ «ከ20 ቶን በላይ ጭነት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ከወረታ ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚጓዝ አሽከርካሪ 18 ቶን እህል ጭኖ ያለ ሥጋት ይሻገራል። የመኪናው ባዶ ክብደት 12 ቶን ቢሆን በድልድዩ ላይ ያረፈው 30 ቶን ነው። አሽከርካሪው ያነበበውን ፈጽሟል፤ ጥፋቱ የስያሜው ነው።

በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት እንዲህ ያለው ምልክት የሚመለከተው የተሽከርካሪውንና የጭነቱን ድምር መሆኑን ይደነግጋል። አማርኛ ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻውም፤ «ከነ-» የተባለው ቅድመ ቅጥያ አለለት። «ከነጭነቱ ከ20 ቶን በላይ ክልክል ነው» ቢባል የሚሳሳት አንባቢ አይኖርም። በአጫጭር ድልድዮች ዘንድ ከድምሩ ይልቅ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት ወሳኝ ስለሚሆን፣ እርሱም ለብቻው ሊጠቀስ ይገባል።

«ሙት ጭነት» እና «ሕያው ጭነት» የሚባሉትንም አንደግፍም። ቃል በቃል ከመገልበጣቸው በላይ ያሳስታሉ። በየዘመኑ አስፋልት የተደራረበበት ድልድይ የገዛ ክብደቱ እየጨመረ ይሄዳልና፣ «ሙት» መባሉ ይህን ይሰውራል። «የራስ ክብደት» እና «አላፊ ክብደት» ይሻላሉ።

«አርማታ»ን በ«ኮንክሪት» ለመተካት የሚደረገው ጥረትም ጥቅሙ አይታየንም። ቃሉ ከጣሊያንኛ ሲወረስ ብረት የታጠቀ ማለት ነበር፤ መሐንዲሱ በመጀመሪያ የሚጠይቀውም በውስጡ ምን ያህል ፌሮ እንዳለና ምን ያህሉ እንደዛገ ነው።

ከዚህ የሚከብደው «ጥንካሬ» እና «የመሸከም አቅም» መደባለቃቸው ነው። ጥንካሬ የቁሱ ነው፤ አቅም የመላው አካል። የእስቴና የሞጣ ሰው ይህን ልዩነት ከመዝገበ ቃላት መማር አያስፈልገውም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአባይ ላይ የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ በተሰበረ ጊዜ፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ እንደ ጠነከረ ቆሞ ቀረ፤ የሚያሻግር ግን አልነበረም። ሕዝቡም ሰባራ ድልድይ አለው።

በመጨረሻ «ግምት» የሚለውን እንነቅፋለን። የአሮጌ ድልድይ ምርመራ ስንጥቁን ማየት፣ ናሙና መቁረጥ፣ ፌሮውን መፈለግና ማስላት ነው። ንድፉ ከጠፋም በምድር ሚዛን የተመዘነ መኪና በድልድዩ ላይ አቁሞ አካሉ ስንት ሚሊሜትር እንደተለመጠ፣ መኪናው ሲነሣም ወደ ቦታው መመለሱን መለካት ነው። ይህ «ምዘና» እንጂ ግምት አይደለም፤ «መለመጥ»ም ለዚያ እንቅስቃሴ የተስማማ ስያሜ ይመስለናል፤ ምክንያቱም እንደ ለምለም ቅርንጫፍ ጎንበስ ብሎ መቃናትን ያመለክታል።